ጥላሸትና ነጥብ፦ የሀዳር ሃካርሜል የኅትመት ትዝታ

ሀዳር ሃካርሜል ከሐይፋ ወደብ በላይ፣ ከቀርሜሎስ ተራራ ራስ በታች፣ በተራራው ወገብ ላይ የተደረደረ ሰፈር ነው። ነቢዩ ኤልያስ ከበኣል ነቢያት ጋራ የተፋጠጠበትን የዚህን ተራራ ስም በልጅነቱ ከቄሶች አፍ እየሰማ ላደገ የጎንደር ልጅ፣ በዚያው ተራራ ጎን ቤት ተከራይቶ፣ ጠዋት ጠዋት የድንጋዩን ደረጃ እየወረደ ወደ ሥራ መሄድ በመጀመሪያው ዓመት ለማመን የሚያስቸግር ነገር ነበር። ነገር ግን የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ቀን በደረሰ ቍጥር ግርማው እየሳሳ ሄደና፣ ሄርጽል የተባለውም ዋና መንገድ ሩስኛና ዐረብኛ፣ ዕብራይስጥና አማርኛ እየተጋፉ የሚያልፉበት፣ ሻጭና ገዢ የሚከራከሩበት ተራ መንገድ ሆኖ ቀረ። ከዚሁ መንገድ ወደ ጎን ታጠፍ ብሎ፣ አንስታይን በ1923 መጥቶ ዘንባባ ከተከለበት ከጥንቱ የቴክኒዮን የምሕንድስና ትምህርት ቤት ሕንፃ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ጠባብ የቅጂና የማተሚያ ሱቅ ነበር፤ እኔም ከ1990ዎቹ ዓመታት የሚበዙትን በዚያ ሱቅ ውስጥ ስላሳለፍሁ፣ ስለ ሀዳር በተጠየቅሁ ጊዜ የባሕሩን ማማር ከማንሣቴ በፊት ስለ ማተሚያ መኪና እናገራለሁ።

ወደ እስራኤል የመጣሁት በግንቦት 1991 በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ታሪኩ የብዙ አገር ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር እጠራለሁ። መንግሥቱ ኀይለ ማርያም ከአገር በወጡ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ ከዐሥራ አራት ሺህ የሚበልጥ ቤተ እስራኤል በሠላሳ ስድስት ሰዓት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲጓጓዝ፣ ቤተ ሰብ ከቤተ ሰብ እንዳይጠፋፋ በየሰዉ ግንባርና ልብስ ላይ ቍጥር ያለበት ወረቀት ይለጠፍ ነበርና፣ በቅድስት አገር ስሜ ከመጠራቱ በፊት ቍጥሬ ተነበበ። ብዙዎች በዚህ ነገር ሲያዝኑ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ከወረቀትና ከቍጥር ጋራ የኖርሁ ሰው ስለ ነበርሁ አልከፋኝም። ጎንደር በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ፣ ሰም በተቀባው ስስ የስቴንስል ወረቀት ላይ በጽሕፈት መኪና ጥርስ ፊደሉን እየበሳሁ፣ ከዚያም በማባዣው ላይ ጠምጥሜ እጀታውን እያዞርሁ፣ ቀለሙ በየቀዳዳው ዐልፎ ሰርኩላር ሆኖ ሲወጣ ማየት የዕለት ተግባሬ ነበር። የማባዣው ክፍል ቍልፍ ግን በእኔ እጅ አልነበረም። "ዴሞክራሲያ" የተባለው የኢሕአፓ ልሳን በስውር እየተባዛ በየደጃፉ ከተበተነበት ከቀይ ሽብር ዘመን ወዲህ፣ ወረቀት የሚያባዛ መኪና ሁሉ ከጠመንጃ ባልተናነሰ ጥርጣሬ ይታይ ስለ ነበረ፣ የወጣው ቅጂ ተቈጥሮ ይፈረምበታል፤ የተበላሸውም ወረቀት አለቃው ባለበት ይቃጠላል።

የሀዳሩ ሱቅ ባለቤት ከሌኒንግራድ የመጣ መሐንዲስ ነበረ። በዚያ ዘመን ሀዳር ከሶቪየት ኅብረት በሚመጣው ሕዝብ ተጥለቅልቆ፣ ሐኪሙ ዘበኛ፣ የሙዚቃ መምህሩ መንገድ ጠራጊ ሆኖ ሲታይ፣ እርሱ ያጠራቀማትን ጥቂት ገንዘብ ያገለገሉ የቅጂና የማተሚያ መኪናዎች ገዝቶባት ነበር። የሁለታችን ዕብራይስጥ ቢደመር የአንድ ሰው አይሞላም፤ ይሁን እንጂ በአንድ ነገር ያለ አስተርጓሚ እንግባባ ነበር። በእርሱም አገር የቅጂ መኪና በተቈለፈ ክፍል እየተጠበቀ፣ ያለ ፈቃድ አንዲት ገጽ ማባዛት የሚያስጠይቅ ሥራ ስለ ነበረ፣ ማታ ሱቁን ስንዘጋ የበሩን ቍልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ሲሥቅ ምን ማለቱ እንደ ሆነ ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገም።

አሁን ትዝታዬን ጥቂት ገታ አድርጌ ስለ ፊደላችን ዕድል ልናገር። የግእዝ ፊደል ከኅትመት ጋራ የተገናኘው ብዙ ሰው ከሚገምተው እጅግ ቀድሞ ነው፤ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የጀርመን ካህን በሮም ከነበሩት የኢትዮጵያ መነኮሳት ግእዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በ1513 በዚያው በሮም አሳተመ፤ አባ ተስፋ ጽዮንም በዚያችው ከተማ የሐዲስ ኪዳንን መጻሕፍት በ1548ና በ1549 አሳተሙ። የእኛን የቤተ እስራኤልን ጸሎትም ዮሴፍ ሀሌቪ የተባለው ሊቅ አገራችን ድረስ መጥቶ ከተመለሰ በኋላ በ1877 በፓሪስ አሳትሞታል። እንግዲህ ፈረንጅ በሮምና በፓሪስ ይህን ሲያደርግ፣ የጎንደሩ ካህን እስከ እኔ ልጅነት ድረስ ብራና ዳምጦ፣ መቃ ቀርጾ ይጽፍ የነበረው ከስንፍና የተነሣ አይደለም፤ ነገሩ የዋጋ ነበር። በእርሳስ ፊደል የሚያትም ሰው ለእያንዳንዱ ሆሄ የተለየ ቅርጽ ማውጣት፣ እርሳሱን አቅልጦ ማፍሰስ፣ በሣጥን ለይቶ መደርደር አለበት። ላቲኑ ሃያ ስድስት ፊደሎቹን ታላቅና ታናሽ አድርጎ ሲገላገል፣ የእኛ ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ተባዝተው ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና አኀዞቹ ገና አልተቈጠሩም። ይህን ሁሉ በአንድ መጠን ካስቀረጹ በኋላ ለአርእስቱ ተለቅ ያለ ቢፈለግ ደግሞ እንደ ገና ከሀ መጀመር ነው። ራስ ተፈሪ መኰንን በ1921 ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ይህን ሸክም በመንግሥት ትከሻ ተሸከመው፤ ለወለቃና ለአምቦበር መንደሮቻችን ግን ማን ይሸከምላቸው ነበር?

የጽሕፈት መኪናም ቢሆን መፍትሔ የሆነው በግማሽ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች ብዙ ደክመውበታል፤ ድካማቸውም ሊመሰገን ይገባል። ዳሩ ግን የመኪናው ቍልፍ ጥቂት፣ የፊደሉ ዘር ብዙ ስለ ሆነ፣ ግንዱን አንድ ጊዜ፣ እግሩን ወይም ቀለበቱን ሌላ ጊዜ መምታት ግድ ነበረና፣ ቅጥያው ከግንዱ ጋራ አልገጥም ብሎ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር ስንት ጊዜ አይቻለሁ። በዚያ መኪና የተጻፈ ደብዳቤ አማርኛነቱ አይካድም፤ መልኩ ግን ያማረ አልነበረም።

በሀዳር ሱቅ አማርኛ ያተምንበት የመጀመሪያው ማተሚያ ሃያ አራት መርፌ ያለው ኤፕሰን ነበር። ከዚያ ቀደም በዘጠኝ መርፌ የታተመ አማርኛ አይቼ ዐዝኜ ነበር፤ የቡ ቅጥል ከወገብ፣ የቢ ቅጥል ከእግር መውጣቱን የምትለየው አንዲት ወይም ሁለት ነጥብ ብቻ ስለ ሆነች፣ ሪባኑ በደከመ ቀን አንባቢው ቡና ቢን በግምት ይለያቸዋል። በሃያ አራቱ ግን ፊደሉ ነፍስ ዘራ። የማተሚያው ራስ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ፣ መርፌዎቹ በየተራቸው ወጥተው ቀለም የጠጣውን ሪባን ወረቀቱ ላይ እየወጉ ነጥብ ያኖራሉ፤ ነጥቦቹም ጎን ለጎን ሲቆሙ ሆሄ ይሆናሉ። መኪናው ለዚህ አገር ገበያ የተሠራ በመሆኑ የላቲንና የዕብራይስጥ ፊደል በሆዱ ይዞ መጥቶአል፤ ኮምፒዩተሩ የፊደሉን ቍጥር ብቻ ሲነግረው እርሱ ከራሱ መዝገብ አውጥቶ በጥድፊያ ይመታዋል። የእኛን ፊደል ግን ከቶ አያውቀውም ነበርና፣ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን መስመር ሥዕል አስመስሎ፣ ነጥብ በነጥብ ቈጥሮ ሊልክለት ይገደዳል። በዚህ ምክንያት የዕብራይስጡ ገጽ ወዲያው ሲወጣ የአማርኛው ገጽ ብዙ ያስጠብቅ ነበር፤ ጩኸቱም ጎረቤት ያለውን ጫማ ሰፊ ያስቈጣ ነበር።

ያን ጊዜ በመጠበቅ ላይ ሳለሁ ነበር ዋናው ነገር የገባኝ። ይህ መኪና አማርኛን አያውቅም ስንል፣ በእውነቱ ዕብራይስጥንም አያውቅም፤ የሚያውቀው እዚህ ላይ ነጥብ አኑር፣ እዚያ ላይ አታኑር የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። የእርሳስ ፊደል ዘመን ለባለጸጋ መንግሥታት ፊደል የሚያደላ ዘመን ነበር፤ በነጥብ ዘመን ግን የሮም ፊደልም፣ የኦሪት ጽሑፍም፣ የእኛም ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱ ከአንድ ዐይነት ነጥብ የሚሠሩ ስለ ሆነ፣ ለአንዱ የሚከፈል ለሌላው የማይከፈል ዋጋ የለም። አንድ ሰው በትዕግሥት ተቀምጦ የፊደሎቹን ቅርጽ አንድ ጊዜ ከሣለ፣ ከዚያ በኋላ መቅረጫም ማቅለጫም አያሻም። በአሜሪካና በአዲስ አበባ የነበሩ የአገራችን ሰዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህን ማድረጋቸውን፣ ፊደላቸውም በዲስኬት እየተባዛ ሀዳር ድረስ መድረሱን እያሰብሁ ዛሬም እደነቃለሁ።

ኋላም የሌዘር ማተሚያ መጣ። የዚህ መኪና ጥበብ ሥሩ በኦክቶበር 22 ቀን 1938 በኒው ዮርክ፣ አስቶሪያ በተባለ ሰፈር፣ ቼስተር ካርልሰን በተከራየው ክፍል ውስጥ ይገኛል። ካርልሰን ድኝ የተቀባ የዚንክ ሰሌዳ በመሐረብ አሽቶ በኤሌክትሪክ ሞላው፤ ቀኑና ቦታው የተጻፈበትን መስተዋት ከላዩ አድርጎ መብራት አበራበት፤ ብርሃን የወደቀበት ሁሉ ኤሌክትሪኩን ሲለቅ ፊደሉ ያጠላበት ብቻ ይዞ ስለ ቀረ፣ ደቃቅ ዱቄት ቢነሰንስበት ጽሑፉ ተገለጠ። ጋቢ በደረቅ ወራት ሲገፈፍ ጠጕርን የሚያስነሣው ያ ኀይል ነው፤ ሌላ ተአምር የለበትም። ብዙ ኩባንያዎች አንፈልግም ብለው ከመለሱት በኋላ፣ ዜሮክስ 914 የተባለው የቅጂ መኪና በ1959 ወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጋሪ ስታርክዌዘር የተባለ የዚያው ኩባንያ ሠራተኛ፣ ከወረቀት ላይ የሚንጸባረቀውን ብርሃን ትቶ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የሌዘር ጨረር ቢተካበት ቅጂ ማንሻው ማተሚያ እንደሚሆን አሰበ። ለየቢሮው የሚሆነው የኤች ፒ ሌዘርጄት ለገበያ የቀረበው በ1984 ነው፤ ወገኖቻችን በእግራቸው ሱዳን ገብተው፣ በመጠለያው በረኀብና በበሽታ እየረገፉ፣ የሙሴ ዘመቻ በተባለው ጉዞ መወሰድ የጀመሩበት ያው ዓመት ነው።

የእኛን ሌዘር ለማጽዳት በከፈትሁት ቍጥር ሥራውን በዐይነ ልቡናዬ እከተለው ነበር። ብርሃን ሊነካው የማይገባ፣ ገጹ የሚያብለጨልጭ አንድ ድራም አለ፤ ድራሙ ሲዞር መላ ገላው በኤሌክትሪክ ይሞላል፤ ጨረሩም በሚሽከረከር ባለ ብዙ ገጽ መስተዋት እየተወረወረ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ መስመር በመስመር እየጠረገ፣ ፊደል ሊሆን በሚገባው ነጥብ ላይ ብቻ ያን ኤሌክትሪክ ያጠፋዋል። ካርልሰን ብርሃን ያገኘውን ነጭ፣ ጥላ ያረፈበትን ጥቁር አድርጎ ነበር፤ በሌዘሩ ግን ነገሩ ተገልብጦ ብርሃን የነካው ይጠቍራል፤ ዱቄቱ የሚጣበቀው ጨረር ባረፈበት ላይ ነውና። ይህም በአንድ ኢንች ርዝመት 300 ጊዜ፣ በአንድ ኢንች ካሬ 90,000 ጊዜ የሚታሰብ ነው። ወረቀቱ ዱቄቱን ከድራሙ ተቀብሎ፣ የአንዱ ሙቀት ሁለት መቶ ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ሁለት ጥቅሎች መካከል ሲያልፍ ዱቄቱ ቀልጦ ከወረቀቱ ክር ጋራ ይዋሐዳል፤ ሉሁ ትኵስ ሆኖ የሚወጣውም ስለዚህ ነው።

አንድ ቀን ነጭ ሻሽ የጠመጠሙ ሽማግሌ ቄስ፣ በእጃቸው የጻፉትን የግእዝ ጸሎት በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ለልጅ ልጆቻቸው ቅጂ ፈልገው ነበር። የመጀመሪያውን ሉህ ስሰጣቸው ሙቀቱ አስደንግጦአቸው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት፤ ከዚያም አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው አንዱን ሆሄ ፈገፈጉት። አልለቀቀም።

"ልጄ፣ ይህ ጥቁር ምንድር ነው?" አሉኝ።

"ዱቄት ነው፣ አባ። ከጥላሸትና ከፕላስቲክ የተሠራ።"

"ጥላሸት?" ቀና ብለው አዩኝ። "እኛስ ከምን እናደርገው ኖሮአል! ጥላሸቱን ከምጣድ ሥር ጠርገን፣ ከተቈላ እህል ጋራ ወቅጠን፣ በሙጫ አሽተን አይደል? ታዲያ አዲሱ ምኑ ነው?"

"ሙጫው ነዋ፣ አባ። ሙጫው ፕላስቲክ ሆነ።"

ይህን መልስ ወደዱት። ያልወደዱት ግን በቀይ ቀለም የጻፉአቸው አርእስት ሁሉ ጠቍረው መውጣታቸውን ነው፤ መኪናው ከጥቁር በቀር ሌላ ቀለም አልነበረውምና። ከእኔ ቀይ እስክሪብቶ ተቀብለው፣ ከደጃፉ ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ እያንዳንዱን ርእስ በየቅጂው ላይ አንድ በአንድ እንደ ገና ሲያቀሉ ዋሉ። ከቀትር በኋላ መኪናው አንዱን ሉህ አኝኮ አወጣው፤ እኔ ወደ ቈሻሻው ልወረውረው ስል እጄን ያዙኝ፤ ስመ እግዚአብሔር ነበረበት። የሱቁ ባለቤት፣ ሃይማኖትን በሚነቅፍ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ሆኖ ሳለ፣ አንዳች ሳይናገር ትልቅ ፖስታ ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጣቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ስመ አምላክ ኖሮባቸው የሚበላሹ ወረቀቶች፣ የማንም ቋንቋ ቢሆኑ፣ በዚያ ፖስታ እየተጠራቀሙ ወደ ምኵራቡ ይላኩ ነበር።

ከሥራችን ሁሉ የሚበዛው ግን የሐዘን ማስታወቂያ ነበር። በዚህ አገር ሰው ሲሞት ዙሪያው በጥቁር መስመር የታጠረ ወረቀት በየቤቱ በርና በየመንገዱ ግንብ መለጠፍ ልማድ ነው፤ ለቅሶ ለማይቀርበት ለእኛ ሕዝብ ደግሞ ይህ ልማድ በፍጥነት ተስማማው። ወረቀቱን በሁለት ዐምድ እከፍለዋለሁ፤ ዕብራይስጡ ከቀኝ ዳር ተነሥቶ ወደ ግራ፣ አማርኛው ከግራ ዳር ተነሥቶ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ፣ ሁለቱ ከመካከል ይገናኛሉ። ቀብር በዚህ አገር ስለማይዘገይ ሥራው በሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ የሚፈለገውም ቅጂ ሃያ ወይም ሠላሳ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ በታችኛው ከተማ ያሉት ባለ ኦፍሴት ማተሚያ ቤቶች ሊሠሩት አይችሉም ነበር፤ ለሃያ ቅጂ ሰሌዳ ማንሣት፣ ቀለም ማስተካከል፣ መኪና ማጠብ ኪሣራ ነውና። ሰሌዳ የማይሻ፣ የመጀመሪያው ቅጂ ከመቶኛው እኩል የሚያወጣ ኅትመት ለዓለም ነጋዴ የትርፍ ጕዳይ ነው፤ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ታላቅ ማተሚያ ያሸጋገረውም የዚሁ አገር ሰው ቤኒ ላንዳ ሲሆን፣ ኢንዲጎ የተባለው ኩባንያው በ1993 ያወጣው መኪና እያንዳንዱን ገጽ ከቀጣዩ ለይቶ በቀለም ያትም ነበር፤ በኋላም ኤች ፒ ገዛው። ለእኛ ግን ትርጕሙ ጥቂት ለሆነ ሕዝብ ጥቂት ቅጂ ማተም ነውር አለመሆኑ ነበር።

ችግር አልነበረም ማለቴ አይደለም። እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደላችንን በላቲኑ ፊደል ቍጥር ላይ በገዛ ራሱ ሥርዐት ያሰፍር ስለ ነበረ፣ በአንዱ የተጻፈውን በሌላው ስንከፍት ገጹ ትርጕም የሌለው የላቲን ዝብርቅ ይሆን ነበር። የሰርግ ጥሪ ይዞ የመጣ ሙሽራ ዲስኬቱን ሰጥቶኝ በስክሪኑ ላይ ያን ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ! መፍትሔው እንደ ገና መጻፍ ነበር። ይህም መከራ መቅለል የጀመረው ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቍጥር ካገኘ በኋላ ነው፤ ቍጥሩ ከፊታችን ላይ ወርዶ ለፊደላችን ደረሰ እያልሁ ከሠራተኞቹ ጋራ እቀልድ ነበር።

የቀለም ሌዘር ከገዛን በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ተሰማ። ብዙዎቹ የቀለም ሌዘር ማተሚያዎች በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ለዐይን የማይታዩ ቢጫ ነጥቦች እንደሚበትኑ፣ ነጥቦቹም የመኪናውን መለያ ቍጥር፣ የታተመበትንም ቀንና ሰዓት እንደሚናገሩ በ2005 በአሜሪካ የሚገኙ የመብት ተሟጋቾች ፈትተው አወጡት፤ የገንዘብ ኖት ለሚቀዳ ወንበዴ ተብሎ የተደረገ ነው ይላሉ። የሱቁ ባለቤት ይህን በሩስኛ ጋዜጣ አንብቦ አጕሊ መነጽር አመጣና፣ በሰማያዊ መብራት ሥር የገዛ ወረቀታችንን ሲመረምር አመሸ። አገኛቸው። "ቍልፉን ከበሩ ነቅለው ወረቀቱ ውስጥ ከተቱት" አለኝ። እንደ ወትሮው አልሣቀም።

ያ ሱቅ ዛሬ የስልክ መለዋወጫ ይሸጥበታል፤ የሐዘኑም የሰርጉም ጥሪ በየሰዉ ስልክ ይመጣል፤ ሽማግሌዎቹ ግን በር ላይ ያልተለጠፈ ለቅሶ ለቅሶ አይመስላቸውም፤ እኔም ከእነርሱ ወገን ነኝ። ማተሚያዎቹ ከዱሮዎቹ በብዙ እጥፍ የረቀቁ ሲሆኑ፣ ፊደል አለማወቃቸው ግን አልተለወጠም። በቅርቡ አንድ መሥሪያ ቤት ለእኛ ሕዝብ ስለ ጤና የሚናገር ታላቅ ሥዕላዊ ማስታወቂያ አሳትሞ በአውቶቡስ ማቆሚያው ለጥፎ ነበር፤ ወረቀቱ ወፍራም፣ ቀለሙ ብሩህ፣ የአማርኛው ፊደል ጥርት ያለ፤ ነገር ግን ያዘጋጀው ሰው በዕብራይስጡ ሥርዐት ከቀኝ ወደ ግራ ስለ ደረደረው፣ ቃላቱ ሁሉ ከመጨረሻቸው ይጀምሩ ነበር። አውቶቡስ የሚጠብቁ እናቶች ፊደሉን እያወቁት ማንበብ ተስኖአቸው ሲተያዩ አየሁና፣ ከማስታወቂያው ግርጌ ወዳለው ስልክ ደወልሁ። ያነሣችው ልጅ የእኛው ልጅ ናት፤ "ጋሼ፣ እኔም አማርኛ ማንበብ አልችልም፤ የሚቀጥለውን ከመታተሙ በፊት ልላክልዎት?" አለችኝ። አሁን እየላከችልኝ ነው፤ እኔም እያረምሁ እመልሳለሁ፤ የእርማቱን ዋጋ የሚከፍለው ክፍል የትኛው እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ እያጠያየቀችልኝ ነው።